አዲስ ተጫዋች ላይ በር ዘግቶ ስለ ጥራት ማውራት

ባለፈው ሳምንት የምንጫወትበት የጽሑፍ ሮልፕሌይ ጨዋታ (ብዙ ሰው በኢንተርኔት ተገናኝቶ፣ ያለ ሥዕል፣ ትእዛዝና ንግግር እየጻፈ ገጸ ባሕርይ የሚሆንበት) አስተዳዳሪዎች አዲስ ደንብ አውጥተዋል። ከእንግዲህ አዲስ ሰው ወደ ጨዋታው ከመግባቱ በፊት የገጸ ባሕርዩን የሕይወት ታሪክ ቢያንስ በሁለት ገጽ ጽፎ ማቅረብ፣ ስለ ዓለማችን ነገሥታትና ጦርነቶች የተዘጋጀ ፈተና ማለፍ፣ ከዚያም እስኪጸድቅለት ድረስ ደጅ መጥናት ይኖርበታል። በዚሁ ማስታወቂያ ግርጌ የአዲስ ገቢዎች የጥያቄ ቻናል፣ ማለትም አዲሶች በጽሑፍ የሚጠይቁበት የጋራ መስመር፣ መዘጋቱም ተነግሮናል። የተሰጠው ምክንያት የነባሮችን ተመስጦ ያደፈርሳል የሚል ነው።

ደንቡ አናዶኛል። ከደንቡ በላይ ያናደደኝ ግን ከነባሮቹ አንዱ ውሳኔውን ለመደገፍ የተናገረው ነው። እኛ ስንጀምር ማንም እጃችንን ይዞ አልመራንም፣ የእርዳታ ገጹን አንብቦ መረዳት ያቃተው ሰው ለዚህ ዓለም አልተፈጠረም አለ። ብዙዎችም አጨበጨቡለት።

ይህ አባባል እውነት የመሰለው ደጋግሞ ስለተነገረ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ሮይ ትሩብሾ በእንግሊዝ ኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን ማድ (ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚጫወተው የጽሑፍ ጨዋታ) መጻፍ ሲጀምር፣ በኋላም ሪቻርድ ባርትል ተረክቦ ሲያስፋፋው፣ የመጀመሪያዎቹ ተጫዋቾች የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። በአንድ ግቢ የሚውሉ፣ አንዱን የዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር የሚጋሩ፣ ኮሪደር ላይ የሚገናኙ ሰዎች ነበሩ። በ1987 አበርማድ ከዌልስ፣ በ1989 ታይኒማድ ከአሜሪካው ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ፣ በ1991 ዲኩማድ ከኮፐንሃገን ሲወጡም ነገሩ ብዙ አልተለወጠም። ኢንተርኔት በአብዛኛው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ብቻ በነበረበት ዘመን፣ ትእዛዝ የጠፋበት ተጫዋች ጎኑ ያለውን መጠየቅ ይችል ነበር። ያ ትውልድ ያለ ረዳት አላደገም። ረዳቱ ከስክሪኑ ውጭ ስለነበረ ብቻ በጨዋታው ውስጥ አልታየም። ዛሬ የሚመጣው ሰው ግን ብቻውን ነው። ስልኩን ይዞ የሚመጣ፣ ትእዛዝ ጽፎ የማያውቅ፣ ስለዚህ ዓይነት ጨዋታ የሚያወያየው አንድ ጓደኛ እንኳ የሌለው ሰው ነው። እሱን «እንደ እኛ ተወጣው» ማለት ባልነበረ ታሪክ እያሳበቡ መጨከን ነው።

ተናጋሪውንም ቢሆን ሲጀምር አውቀዋለሁ። የከተማው በር ላይ ቆሞ ዘበኛውን እንዴት እንደሚያናግር ስለጠፋው ደጋግሞ ሲያጠቃው፣ ሲሞት፣ ተመልሶ ሲመጣ፣ እንደገና ሲሞት ያየን ሰዎች አለን። ነባር ተጫዋቾች አብረው እየጻፉ የጀመሩትን ትዕይንት አቋርጠው አስተማሩት። የተማረበት ቻናል ዛሬ እሱ እያጨበጨበ ያዘጋው ይኸው ቻናል ነው።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አዲስ ሰው ወደ ጽሑፍ ጨዋታ ሲገባ የሚገጥመውን አብረን እንይ። ስምና የይለፍ ቃል ያስገባል። ከረጅም ዝርዝር ውስጥ ለገጸ ባሕርዩ ዘርና ሙያ ይመርጣል፤ ልዩነታቸውን የሚነግረው የለም። ከዚያ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ይወጣለታል፦ «ሰፊ አደባባይ። በመካከሉ ውሃው የደረቀ ምንጭ አለ። ነፋሱ አቧራ ያነሣል። መውጫዎች፦ ሰሜን፣ ምሥራቅ፣ ላይ።» ከሥሩ ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም ትላለች። ሰውየው እንደማንኛውም ጨዋ ሰው «ሰላም» ብሎ ይጽፋል። ጨዋታው «ምን?» ብሎ ይመልስለታል።

ያላወቀው ነገር ከንግግሩ በፊት ‹ሴይ› (ተናገር) የሚለውን ትእዛዝ ማስቀደም እንዳለበት ነው። የእኛ ጣት ስለለመደው ትዝም አይለንም። እሱ ግን እንደገና ይሞክራል። «እዚህ ሰው አለ?» ይላል፤ «ምን?» ይባላል። «እንዴት ነው የምጫወተው?» ይላል፤ «ምን?» ይባላል። መስኮቱን ዘግቶ ይሄዳል። ከእኛ መካከል መምጣቱን ያየ የለም፣ መሄዱን ያየም የለም። ከዚያ በስብሰባ ላይ ተቀምጠን «የዘመኑ ሰው ማንበብ አይወድም» እንላለን። የጻፈውን ያላነበብንለት እኛ ሆነን ሳለ!

በሥዕል የሚሠሩትን ጨዋታዎች አስቡ። እዚያ ማንም ባያናግርህ እንኳ ሰው ሲሮጥ፣ ሲዋጋ፣ ገበያ ላይ ተሰብስቦ ሲቆም ታያለህ። ዝም ብትባልም ሰው መካከል እንዳለህ ታውቃለህ። የጽሑፍ ጨዋታ ይህ የለውም። ያልተጻፈ ነገር የለም። አዲሱ ሰው ‹ሁ› (ማን አለ) ብሎ ቢጠይቅ የሃያና የሠላሳ ሰው ስም ይዘረዘርለት ይሆናል፤ አደባባዩ ላይ ግን አንዳቸውም የሉም። ሁሉም ተዘግተው በግል ትዕይንታቸው ውስጥ ናቸው። ‹ሉክ› (ተመልከት) ብሎ ቢጽፍ ያው የደረቀ ምንጭ፣ ያው አቧራ፣ ቃል በቃል ያው አንቀጽ ይደገምለታል። ለእሱ ይህ ዓለም ባዶ ነው፤ ባዶ መስሎት አይደለም፣ በእርግጥም ባዶ ነው።

ስለዚህ አዲስ ሰውን መቀበል የትሕትና ጉዳይ ነው የሚለው አነጋገር ራሱ ይጎረብጠኛል። ትሕትና ቢተርፈን የምንጨምረው፣ ቢያጥረን የምንተወው ነገር ነው። እዚህ ግን የምናወራው ስለ ጨዋታው አካል ነው። በሥዕል ጨዋታ ሥዕሉን የሚሠራው ኩባንያው ነው። በእኛ ጨዋታ ሥዕሉ እኛ ነን። አንድ ነባር ተጫዋች በአደባባዩ ሲያልፍ ቆም ብሎ «ባለካባዋ ሴት ጭነቷን አውርዳ ወደ እንግዳው ዞረች» ብሎ ሲጽፍ፣ ለዚያ አዲስ ሰው ዓለሙ በዚያች ቅጽበት ተፈጠረ። አደባባዩ ድምፅ አገኘ፣ ምንጩ የደረቀበት ምክንያት ሊጠየቅ የሚችል ነገር ሆነ፣ እሱም ሊመልስ የሚገባው ሰው ሆነ። ያን ዓረፍተ ነገር የሚተካ ምንም ዓይነት የእርዳታ ገጽ የለም፤ መቶ ገጽ ብትጽፉ አይተካውም። የእርዳታ ገጽ ትእዛዝ ያስተምራል እንጂ ሰው እንዳለ አያሳይም። የጥያቄ ቻናሉ ደግሞ አዲስ ሰው የጻፈው ነገር መልስ የሚያገኝበት ብቸኛው የተረጋገጠ ቦታ ነበር። እሱን ነው የዘጋችሁት።

ተመስጦ ይረብሻል የተባለው ምክንያት ደግሞ ውሃ አያነሣም። ቻናሉን መስማት የማይፈልግ ተጫዋች በአንዲት ትእዛዝ ለራሱ ብቻ ሊያጠፋው ይችላል፤ ይህን ከአስተዳዳሪዎቹ የተሻለ የሚያውቅ ሰው የለም። ለሁሉም የሚዘጋበት ምክንያት ምንድን ነው? እኔ የማየው አንድ ምክንያት ብቻ ነው፤ አንዳንድ ሰዎች ጥያቄው እንዳይሰማቸው ብቻ ሳይሆን ጠያቂው እንዳይኖር ይፈልጋሉ።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ፓቬል ከርቲስ በዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማዕከል የጀመረው ላምዳሙ የተባለ የጽሑፍ ዓለም አዲስ ሰውን የሚያሳርፈው በአንድ ጠባብ የካፖርት ማስቀመጫ ውስጥ ነበር። ለአፍታ ያስገርማል፤ ግን በሩን ከፍቶ አንድ እርምጃ ሲወጣ ራሱን የሚያገኘው ሰዎች ተሰብስበው በሚጨዋወቱበት ሳሎን መካከል ነው። እኛ የሠራነው ተቃራኒውን ነው። ሰፊና የሚያምር አደባባይ ሰጥተን ሰዎቹን ሁሉ ከኋላ ክፍሎች ደበቅናቸው። አሁን ደግሞ አደባባዩ ላይ ለመቆምም ፈተና ይኑር ተባለ።

ፈተናውስ የሚለካው ምኑን ነው? ሦስተኛው ንጉሥ ማን እንደነበር፣ የሰሜኑ ጦርነት በማን ድል እንደተጠናቀቀ ይጠይቃል። ጥሩ የሮልፕሌይ ተጫዋች የሚታወቀው በዚህ አይደለም። ጥሩ ተጫዋች ሌላው የጻፈውን አንብቦ ይመልሳል፤ በሌላው ሰው ገጸ ባሕርይ አይወስንም፤ «መታሁት፣ ወደቀ» ብሎ ከመጻፍ ይልቅ «ሰነዘርኩ» ብሎ መልሱን ለባለቤቱ ይተዋል። ይህ የሚታየው በትዕይንት ውስጥ ነው፣ በሌላ በየትም አይታይም። የሁለት ገጹ የሕይወት ታሪክማ ከፈተናውም ይብሳል። ዓለሙን ገና ያላየ ሰው ስለ ዓለሙ ሁለት ገጽ እንዲጽፍ ሲገደድ ምን እንደሚጽፍ ሁላችንም እናውቃለን፦ ወላጆቹ የተገደሉበት፣ በቀል ያደረበት፣ ደሙ የነገሥታት የሆነ ወጣት። ታሪኩ ሳይጀመር አልቆ የመጣ ገጸ ባሕርይ ይሆናል፤ ከሌላው ጋር ምንም የሚሠራው አይኖረውም። ከዚያ «አዲሶቹ ግትር ናቸው» ብለን እናማርራለን።

አንድ ነገር እቀበላለሁ። ትዕይንት ለማበላሸት ብቻ የሚገቡ ሰዎች አሉ፤ የወራት ሥራ በአንድ ምሽት ያፈርሳሉ። ግን ፈተና እነሱን አያስቆማቸውም። ሌላውን በመጉዳት የሚደሰት ሰው ሁለት ገጽ ለመጻፍ ትዕግሥት አያጣም፤ እንዲያውም የሚጽፈው ያምራል። ባርትል እ.ኤ.አ. በ1996 ተጫዋቾችን በአራት ሲከፍላቸው፣ ሌሎችን በማጥቃት የሚዝናኑት ሲበዙ ለጨዋታና ለወዳጅነት የሚመጡት እንደሚሸሹ ጽፏል። መፍትሔው በሥራ ላይ ያለ አስተዳዳሪና የሚከበር ደንብ ነው። በሩ ላይ ወረቀት መቆለል አጥፊውን ያሳልፋል፣ ዓይን አፋሩን ይመልሳል።

በዚህ ሁሉ ንግግር ውስጥ ስማቸው ያልተነሣ ሰዎች አሉ፤ ማየት የተሳናቸው ተጫዋቾች። የጽሑፍ ጨዋታ ስክሪን በሚያነብ ሶፍትዌር ከሌላው ሰው እኩል ሊጫወቱባቸው ከሚችሉ ጥቂት የኦንላይን ጨዋታዎች አንዱ ነው። በዚህ ዘርፍ ለዓመታት ጸንተው ከቆዩት መካከል ብዙ ናቸው፤ የጻፉትም ከእኛ የሚያንስ አይደለም። የእኛ መግቢያ ገጽ ግን ከሰረዝና ከኮከብ ምልክት የተሠራ ትልቅ ግንብ ይዟል። ሶፍትዌሩ ይህን ሲያነብ «ሰረዝ፣ ሰረዝ፣ ኮከብ፣ ሰረዝ» እያለ ይቀጥላል፤ ስም የማስገቢያው መስመር ጋ እስኪደርስ የሰው ትዕግሥት ያልቃል። አሁን የወጣው ፈተና ደግሞ ከተሞችን በካርታ ሥዕል ላይ ለይቶ ማመልከትን ይጠይቃል። በቃላት ብቻ የቆመ ጨዋታ ለመግባት ዓይን ግድ ሆነ ማለት ነው! ይህን ያረቀቀው ሰው አስቦበት ከሆነ አሳፋሪ ነው፤ ሳያስብበትም ከሆነ ደንቡ ሳይታሰብበት ለመውጣቱ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልፈልግም።

መደረግ ያለበት ነገር ከባድ አይደለም። አዲስ ሰው ስሙን፣ ሥራውንና ወደ ከተማዋ ያመጣውን ጉዳይ በአንድ መስመር ጽፎ ይግባ። ረጅሙን ታሪክ ከሳምንት ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሰው ሲያውቅና ዓለሙ ሲገባው ይጻፈው፤ ያኔ የሚነበብ ነገር ይወጣዋል። ጨዋታው የማያውቀው ቃል ሲጻፍለት «ምን?» ማለቱን ትቶ «ለሌሎች እንዲሰማ ከፈለጉ ‹ሴይ› ብለው ይጀምሩ» ይበል፤ ይህ በኮዱ ውስጥ የጥቂት መስመር ሥራ ነው። አዲስ ሰው የሚያርፍበትን ቦታ ከባዶው አደባባይ አንሥታችሁ ሰው ወደሚሰበሰብበት መጠጥ ቤት አዛውሩት። በመግቢያው ላይ ያለውን ግንብ ማጥፋት የሚቻልበት ምርጫ ይቅደም፣ የካርታው ጥያቄ ይሰረዝ። ነባሮችም ብንሆን የምንሠራው አለን፦ ነጋዴ የሚጫወት ተሸካሚ ይፈልግ፣ ዘበኛ የሚጫወት መልእክተኛ ይላክ። መንገዱን የማያውቅ መጻተኛ ለታሪካችን ሸክም አይደለም፤ ታሪክ የሚጀመረው በእሱ ዓይነቱ ነው።

ደንቡ ሥራ ላይ የሚውለው በመጪው ወር መጀመሪያ ነው ተብሏል። እስከዚያ ድረስ አስተዳዳሪዎቹ ማንም በማያውቀው ስም አዲስ አካውንት ከፍተው፣ ለማንም ሳይናገሩ፣ በዛሬው በር አንድ ምሽት ገብተው ይዩት፤ የገጠማቸውንም እንዳለ ለሁላችንም ያቅርቡ። የጥያቄ ቻናሉን ለመክፈት ግን እስከዚያም መጠበቅ አያስፈልግም። የተዘጋው በአንድ ትእዛዝ ነው፤ ዛሬ ማታ በአንድ ትእዛዝ ይከፈት።