ማስተካከያ፦ ከባንግላዴሽ የተወሰደው 1 ቢሊዮን ዶላር አይደለም

የኢንተርኔት ወንጀል ድሃ አገሮችን እንዴት እንደሚጎዳ ባለፈው ስጽፍ፣ «በ2016 እ.ኤ.አ. ከባንግላዴሽ ማዕከላዊ ባንክ 1 ቢሊዮን ዶላር ተሰረቀ» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ፤ አንባቢዎቼን ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ወደ 1 ቢሊዮን የሚጠጋው ሌቦቹ እንዲተላለፍላቸው የጠየቁት ነው። ባንግላዴሽ ኒውዮርክ ባለው የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ (ፌዴራል ሪዘርቭ) ካላት ሒሳብ የወጣባት 101 ሚሊዮን ነው። ከዚህ ውስጥ ወደ ስሪላንካ የተላከው 20 ሚሊዮን ተመልሷል፤ በዝውውር ትእዛዙ ላይ «ፋውንዴሽን» የሚለው ቃል ፊደሉ ተሳስቶ ስለተጻፈ አስተላላፊው ባንክ ተጠራጥሮ ጠየቀ። 81 ሚሊዮኑ ግን ማኒላ ገባ። የፊሊፒንስ ቁማር ቤቶች ያኔ ሕገወጥ ገንዘብን ሕጋዊ ማስመሰልን የሚከለክለው ሕግ አይመለከታቸውም ነበርና፣ አብዛኛው እዚያ ደብዛው ጠፋ። በዚያው ዓመት የተመለሰው 15 ሚሊዮን ያህል ብቻ ነው።

«የአሜሪካው ባንክ ሲስተም ተሰበረ» ያልኩትም ልክ አይደለም። ሰርጎ ገቦቹ የገቡት ዳካ ባለው በራሱ በባንግላዴሽ ማዕከላዊ ባንክ ኮምፒውተሮች ነው። ትእዛዙን ባንኮች የክፍያ መልእክት በሚለዋወጡበት በስዊፍት መረብ የላኩት ሐሙስ ማታ፣ የአርብና የቅዳሜውን እረፍት ጠብቀው ነበር። በማግስቱ የዝውውር ማረጋገጫ የሚያትመው ፕሪንተር አልሠራ ሲል ሠራተኞቹ ተራ ብልሽት መሰላቸው።

ቁጥሩ ቢያንስም ጉዳቱ ቀላል ነው አልልም። የተወሰደው ነዳጅ የሚገዛበት የውጭ ምንዛሪ ነው፤ ልብስ ሰፊ ሴቶችና ዓረብ አገር የሚለፉ ስደተኞች በላባቸው ያመጡት። የባንኩ ገዥ አቲዩር ራህማንም ብዙ ሳይቆዩ ሥልጣን ለቀቁ።