ለቅሶ ቤት የገባ ፓይለት

የአብራሪነት ትምህርት ከጀመርኩ ወዲህ ሰው ሰላም አይለኝም። ይጠይቀኛል። ባለፈው ሰፈራችን ለቅሶ ነበር። «እግዜር ያጥናችሁ» ብዬ ድንኳኑ ውስጥ አግዳሚው ላይ በቅጡ ሳልደላደል፣ ካርታ ሲጫወቱ የነበሩ ጋሼ የያዙትን ካርታ ማንም እንዳያይባቸው ደረታቸው ላይ ለጠፍ አድርገው ወደ እኔ ዞሩ።

«ፓይለቱ! ትኬት ለዘመድ ይቀንሳል አይደል?»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ገና ተማሪ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ለዘመድ ነው ያልኩህ።»

እኛ አገር ሐኪም ስትሆን ስለ በሽታ ትጠየቃለህ። ፓይለት ስትሆን ስለ ኪሎ። ካሁኑ ሦስት ሰው በርበሬና ሽሮ ለዋሽንግተን ልጁ አደራ ሊሰጠኝ ቃል አስገብቶኛል። እኔ የምማርባት ሴስና 172 አራት ወንበር ያላት፣ ባለ አንድ ሞተር ሚጢጢ አውሮፕላን ናት። አብዛኛውን ጊዜ ተነስተን፣ ሜዳውን ዞረን፣ እዚያው የተነሳንበት እናርፋለን። በርበሬውን ብጭነውም የማወርደው ያው በዚያው ሜዳ ነው።

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?» አሉ ጋሼ። ደህና ጥያቄ መጣ ብዬ ተስተካከልኩ። የሚቆጠረው የበረራ ሰዓት ነው አልኳቸው። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መስፈርት ለንግድ አብራሪነት ፈቃድ 200 ሰዓት ያስፈልጋል፣ እውቅና ባለው ትምህርት ቤት ኮርሱን ለተከታተለ 150። ዋና አብራሪ ለመሆን የሚጠየቀው ትልቁ ፈቃድ ደግሞ 1,500 ሰዓት ይፈልጋል። ጋሼ በጣታቸው ቆጠሩ።

«200 ሰዓት? ስምንት ቀን ከምናምን እኮ ነው! እኔ ለመኪና መንጃ ፈቃድ ስድስት ወር አይደል እንዴ የተመላለስኩት?»

በቀን አንድ ሰዓት ከበረርክ ዕድለኛ እንደሆንክ፣ ዝናብና ደመና ሲመጣ እሱም እንደሚቀር፣ ሌላው ጊዜ የአየር ጠባይና የሕግ መጽሐፍ ላይ ተደፍተህ እንደምታልቅ ማን ይስማኝ። ጎረምሳው የካርታ ጓደኛቸው ደግሞ መነጽሬን አይቶ «አንተን እንዴት ተቀበሉህ?» አለ። መነጽር አድርገህ በደንብ ካየህ ችግር የለም። ጣጣው ቀለም መለየት ላይ ነው።

«ሞተሩ ቢጠፋስ?» አለ አንዱ፣ ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስቶ። ይሄኛው ሁሉም ሰው ሆዱ ውስጥ ይዞት የሚዞረው ጥያቄ ነው፤ ሞተር ሲጠፋ አውሮፕላን እንደ ድንጋይ ዱብ የሚል ይመስለናል። ሴስናዋ አንድ ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሞተሯ ቢጠፋ፣ ነፋስ ካላስቸገራት፣ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ያህል እየተንሳፈፈች ትሄዳለች፤ አንተም ማረፊያ ሜዳ ትፈልጋለህ። አሁን ይሄ ሰው ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ ሞተር አጥፍቶ የእንጦጦን ቁልቁለት በሚንደረደር ሚኒባስ ውስጥ በሩ ጋ ተለጥፎ ስልኩን እየነካካ የሚወርድ ሰው ነው። እኔን ግን በፍርሃት ያየኛል።

ንፍሮ የምታዞረው ልጅ ቆም ብላ «ሴትም ታበራለች?» አለችኝ፣ ቀስ ብላ። አምሳለ ጓሉ በፈረንጆቹ 2010 የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆናለች አልኳት። በ2015 ደግሞ ሴቶች ብቻ ሆነው ባንኮክ ደርሰዋል። ሳህኑን እንደያዘች ትንሽ ቆመች፤ ከዚያ ለእኔ ብቻ ሁለት ጊዜ ዘገነችልኝ።

ጋሼ አልለቀቁኝም። «እዚያ ላይ ምግቡስ?» ብዙ ቦታ ዋናውና ረዳት አብራሪው አንድ ዓይነት ምግብ አይበሉም፣ አንዱን ቢያመው ሌላው እንዲተርፍ ነው አልኳቸው። ድንኳኑ ጸጥ አለ።

«ከአንድ ትሪ አይበሉም?»

«አይበሉም።»

«ጉርሻም የለም?»

«የለም፣ ጋሼ።»

«በቃ ተጣልተዋል» አሉና ካርታቸውን ጣሉ።

ጥግ ላይ የተቀመጡት እማማ ግን እስካሁን ዝም ብለዋል። በሚቀጥለው ወር ልጃቸው ጋ ሊሄዱ ነው፣ ከፍታ ደግሞ ይፈራሉ። አጠገባቸው ሄጄ ቁጭ አልኩ። ቦሌ ራሱ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ነው አልኳቸው። ድሪምላይነር የሚባለው ትልቁ አውሮፕላን 12 ሺህ ሜትር ላይ ቢወጣም ውስጡ አየር ስለሚሞላ ሰውነትዎ የሚሰማው 1,800 ሜትር አካባቢ እንዳሉ ነው። እንዲያውም ባሕር ዳር ወረዱ ማለት እኮ ነው፣ እማማ።

ነጠላቸውን አስተካክለው በጥርጣሬ አዩኝ።

«ታዲያ ባሕር ዳር ለመውረድ ነው ይሄን ሁሉ ብር የከፈልኩት?»