ላልጠየቁ ሊቃውንት የቀረበ ውዳሴ

በየአጥቢያችን አዳራሽ እሑድ ከሰዓት በኋላ የሚሰጠው የአዋቂዎች የትምህርተ ሃይማኖት ኮርስ ብዙ ጥቅም እንዳለው ሲነገር ሰምተናል፤ ትልቁ በረከቱ ግን እስከ ዛሬ ተገቢውን ምስጋና አላገኘም። ይኸውም መምህሩ ጀምሮ ሳይጨርስ ተማሪው ሁሉ የሚገባው፣ «ጥያቄ ያለው?» ሲባልም በአንድ ልብ ጸጥ የሚል ጉባኤ መሆኑ ነው። ሌላው ዓለም ለመማር ይሰበሰባል፤ እኛ የምንሰበሰበው ማወቃችንን እርስ በርሳችን ለማረጋገጥ ነው።

ምሥጢረ ሥላሴ የተሰጠበትን ዕለት እንደ ምሳሌ ልጥቀስ። መምህሩ ሥላሴ በስም፣ በአካልና በግብር ሦስት፣ በባሕርይና በመለኮት አንድ እንደሆኑ፣ አብ ወላዲ፣ ወልድ ተወላዲ፣ መንፈስ ቅዱስ ሠራፂ (ከአብ የሚወጣ) እንደሚባሉ ነጭ ሰሌዳው ላይ ጽፎ ወደ እኛ ዞር ሲል ያየው የስልሳ ሰው ራስ አንድ ላይ ከፍ ዝቅ ሲል ነው። አበው የተሰደዱበትና የተጋዙበት ነገር ለእኛ የሰሌዳው ቀለም ሳይደርቅ ተገለጠልን። ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት እናት «አካል» እና «ባሕርይ» የሚሉትን ጎን ለጎን ከጻፉ በኋላ ከአጠገባቸው ትንሽ የጥያቄ ምልክት አኖሩ፤ ጎረቤታቸው አንገቱን ወደ ደብተራቸው ሲያሰግግ ግን ምልክቷን በመዳፋቸው ሸፈኗት፣ ቀና ብለውም ከሁላችን በላይ ነቀነቁ። እንዲህ ያለ ጨዋነት በየትኛው ዩኒቨርሲቲ ይገኛል? ሌሎቻችን ደግሞ ሰሌዳውን በስልካችን ፎቶ አነሣነው፤ ትምህርቱም ከመታወቂያ ቅጂና ከልደት ኬክ መካከል ገብቶ፣ ማንም ሳይነካው፣ በክብር ተቀምጧል።

የጥያቄው ሰዓት ፈጽሞ ባዶ ይሆናል ማለቴ ግን አይደለም። ሁልጊዜ እጁን የሚያወጣ አንድ ወንድም አለን። «ጥያቄ እንኳን አይደለም፤ ትንሽ ለማከል ያህል ነው» ብሎ ይነሣል፤ ማከሉም ከአያቱ የገዳም ጉዞ ተነሥቶ፣ በዘመናችን ወጣቶች አለባበስ በኩል አልፎ፣ ስለ አጥቢያው የመኪና ማቆሚያ በተሰጠ ማሳሰቢያ ያበቃል። ይህን ጊዜ መምህሩ ሰዓቱን አይቶ ለመዝጊያ ጸሎት ያስነሣናል። ይህ ወንድም ባይኖር ኖሮ ከመካከላችን አንዱ ጸጥታው ከብዶት አንድ ነገር ሊጠይቅ ይችል እንደነበር ሳስብ ውለታውን በምን እንደምንከፍለው አላውቅም።

የእኛን ብስለት በሚገባ የሚረዳ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ካሉት ጠያቂዎች ጋር ያነጻጸረው ሰው ነው። ኒቆዲሞስ የእስራኤል መምህር ሆኖ ሳለ፣ ሰው ከሸመገለ በኋላ እንዴት ሊወለድ ይችላል ብሎ ልጅ እንኳ የሚያፍርበትን ጥያቄ ጠየቀ። ወደ ጌታ በሌሊት መሄዱ ትንሽ ይሉኝታ እንደነበረው ያሳያል፤ አፉን መክፈቱ ግን ሁሉን አበላሸው። ቤተ ክርስቲያናችን ለዚህ ሰው ከዐቢይ ጾም ሰንበታት ሰባተኛውን በስሙ መሰየሟ፣ እኛም በዚያው ሰንበት ስለ እርሱ የሚሰበከውን እየነቀነቅን ሰምተን ከሰዓት በኋላ ወደ ዝምታችን መመለሳችን የሚደነቅ ነው።

ከእርሱ የባሰው የአገራችን ሰው ጃንደረባው ነው። የንግሥት ህንደኬ ባለሥልጣን፣ የገንዘቧ ሁሉ አዛዥ፣ ባለ ሠረገላ! ፊልጶስ ሮጦ ቀርቦ የምታነበውን ታስተውለዋለህን ሲለው፣ በሥልጣኑ ልክ «እንዴታ!» ብሎ መልስ መስጠት ሲገባው፣ የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት ይቻለኛል ብሎ መንገደኛውን ወደ ሠረገላው አስወጣው። ከእኛ ኮርስ አንድ ወሰነ ትምህርት እንኳ ተከታትሎ ቢሆን ኖሮ ኢሳይያስን ጥቅልል አድርጎ «ግልጽ ነው፣ ወንድሜ፤ እግዜር ይስጥልኝ» ይልና ጉዞውን ይቀጥል ነበር። ፊልጶስም ከድካም፣ ጃንደረባውም ከጥምቀት በዳኑ ነበር።

በ325 ዓ.ም. በኒቅያ የተሰበሰቡት 318ቱ ሊቃውንትም ቢሆኑ ከእኛ ብዙ ይጎድላቸው ነበር። አርዮስ ወልድን ፍጡር ነው ብሎ ማስተማሩ ጉባኤውን ያህል ነገር አስነሣ፤ ገና ዲያቆን የነበረው አትናቴዎስ እንኳ ከጳጳሱ ከእለእስክንድሮስ ጋር እስከዚያ ድረስ ሄደ። በእኛ አዳራሽ ቢሆን አርዮስ ንግግሩን ሲጨርስ ራሳችንን ነቅንቀን፣ ለድካሙ አመስግነን፣ በሻይና በዳቦ እንሸኘው ነበር።

የቀደሙት አባቶች ትእዛዝ ከእኛ በተሻለ የተፈጸመበት ዘመንም የለም። በአራተኛው መቶ ዓመት ቄርሎስ ዘኢየሩሳሌም ለጥምቀት የሚዘጋጁ አዋቂዎችን ሲያስተምር፣ እዚህ የምትሰሙትን ምሥጢር ከውጭ ላለ ሰው አታውሩ ብሎ አስጠንቅቋቸው ነበር። በዚያ ዘመን ይህን መጠበቅ ፈተና ነበር፤ ለእኛ ግን ቀላል ነው፤ ያልገባን ምሥጢር ከእኛ ሊወጣ አይችልም።

ይህ ማለት ግን ከአዳራሹ ውጭ ዝም እንላለን ማለት አይደለም፤ እንዲያውም አንደበታችን የሚፈታው የግቢውን በር ስናልፍ ነው። በክፍሉ ውስጥ ድምፁን ሰምተነው የማናውቅ አንድ ጎልማሳ በለቅሶ ድንኳን ውስጥ፣ ካርታ የያዙ ሰዎች መካከል ተቀምጦ፣ ምሥጢረ ሥላሴን ሲያብራራ አገኘሁት። መምህሩ የፀሐይን ክበብ፣ ብርሃንና ሙቀት አበው እንዴት በምሳሌነት እንደተጠቀሙባቸው፣ ምሳሌም የሚጎድለው ነገር እንዳለ ለአንድ ሰዓት ያህል ደክሞ አስረድቶን ነበር። ጎልማሳው ፀሐይዋን ትቶ ውኃን አመጣ፦ አንዱ ውኃ አንድ ጊዜ በረዶ፣ አንድ ጊዜ ፈሳሽ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ እንፋሎት ይሆናል አለ። በዚህም አንዱ አካል በሦስት መልክ ተገለጠ ያለውን፣ ቤተ ክርስቲያን በሦስተኛው መቶ ዓመት ያወገዘችውን ሰባልዮስን፣ ያለ አንዳች ጥናት፣ ካርታው እየተበወዘ፣ ከመቃብር አስነሣው። ድንኳኑ ሙሉ ሰው ነቀነቀ። አንድ ሽማግሌም «ተባረክ ልጄ፤ መናፍቃን እንዲህ የሚመልስላቸው አጥተው ነው» አሉት።

ሐዋርያው ጴጥሮስ ስለ ተስፋችን ምክንያት ለሚጠይቁን ሁሉ መልስ ለመስጠት የተዘጋጀን እንድንሆን፣ ይህም በየዋህነትና በፍርሃት እንዲሆን ጽፎልናል። እኛ መልሱን ወስደናል፤ የዋህነቱንና ፍርሃቱን ደግሞ ለክፍል አስቀርተናል። በታክሲ ከጎናችን የተቀመጠው ፕሮቴስታንት ሳይጠይቅ ይመለስለታል፤ በቲክቶክ የማናውቀው ሰው አስተያየት ሥር ውግዘት እናወርዳለን፤ በቴሌግራምም «ለ10 ሰው ካልላካችሁ» የሚለውን ጽሑፍ ቃሉን ሳናጎድል እናስተላልፋለን። የሚቸግረን የስድስት ዓመት ልጃችን በእራት ላይ «እግዚአብሔርን ማን ፈጠረው?» ያለን እንደሆነ ብቻ ነው፤ ለእርሱም ቢሆን «ዝም ብለህ ብላ» የሚል የታወቀ መልስ አለን። ልጁም በዚህ ዓይነት ለአዋቂዎች ኮርስ ከወዲሁ ይዘጋጃል።

መምህራችን ይህን ሁሉ ጸጋ አልተረዳልንም መሰለኝ፣ ባለፈው ጊዜ አንድ ሳጥን ይዞ መጣ። ቁራጭ ወረቀት ለእያንዳንዳችን አድሎ፣ ስም ሳንጽፍ ያልገባንን እንድንጽፍ ለመነን። ሳጥኑ ሲከፈት አብዛኛው ወረቀት ባዶ ነበር፤ ጥቂቶቹ «ቃለ ሕይወት ያሰማልን» ይላሉ፤ አንዱ የምስክር ወረቀቱ መቼ እንደሚሰጥ ይጠይቃል፤ አንዱ ስለ መኪና ማቆሚያው ነው። ከሥር ግን በደቃቅ ጽሕፈት «መንፈስ ቅዱስ ሠራፂ ነው ሲባል፣ ወልድ ተወላዲ ከመባሉ በምን ይለያል?» የሚል ወጣ። መምህሩ ፊቱ በርቶ ማስረዳት ጀመረ፤ አባቶች ልደቱንም ሥርፀቱንም ከመመርመር በላይ ነው እንዳሉ፣ ይህም ማለት ምንም አይባልበትም ማለት እንዳልሆነ በቀስታ እያፍታታ ተናገረ። ከዓመቱ ትምህርት ሁሉ ምርጡ ሳይሆን አይቀርም፤ ሆኖም ማንም በደንብ አልሰማውም፤ ሁላችንም ጽሕፈቱ የማን እንደሆነ ለማወቅ የጎረቤታችንን ደብተር እያየን ነበር። በመጨረሻ መምህሩ «ጠያቂው፣ መልሱ ግልጽ ሆነልህ? ወይስ ሆነልሽ?» ብሎ በተስፋ አዳራሹን ቃኘ። ጠያቂው እንዳይታወቅ፣ ጠያቂ እንዳንባልም፣ ስልሳችንም እኩል ነቀነቅን።