ካንታጂ ጉልላት አያስፈልገውም

ሰሜን ባንግላዴሽ፣ ዲናጅፑር አካባቢ፣ ካንታናጋር የምትባል የገጠር መንደር አለች። ካንታጂ የተባለው የሂንዱ ቤተ መቅደስ ያለው እዚያ ነው። የአካባቢው ንጉሥ ማሃራጃ ፕራን ናት አስጀመረው፣ ልጁ ራም ናት በ1752 እ.ኤ.አ. ጨረሰው። ያኔ ዘጠኝ ጉልላት ነበረው። በ1897 እ.ኤ.አ. ምድር ተንቀጠቀጠችና ዘጠኙም ወደቁ።

ከዚያ በፊት የተነሣ አንድ የድሮ ፎቶ አለ። ያየው ሰው ሁሉ «ለምን መልሰው አይሠሯቸውም?» ማለቱ አይቀርም። እኔም ብያለሁ። አሁን ግን «ይቅርባችሁ» ባይ ነኝ።

ምክንያቴ ግድግዳው ነው። ቤንጋል፣ ባንግላዴሽ ያለችበት ምድር፣ የደለል አገር ነው፤ ድንጋይ እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ ሰዎቹ ወንዝ ያመጣላቸውን ጭቃ ቀርጸው በእሳት ተኮሱት። እኛ ከጭቃ ምጣድና ጀበና እንሠራለን፤ እነሱ የሂንዱ ጥንታዊ ተረኮች የሆኑትን ራማያናንና ማሃባራታን ተረኩበት። ከላይ እስከ ታች ባዶ ቦታ የለም። የሸክላው ቁጥር ወደ 15,000 ይጠጋል ይባላል።

እኔን የሚገርመኝ የታችኛው ክፍል ነው። እዚያ ሸክላው ላይ የያኔው ዘመን ሰው ኑሮውን ይኖራል። መኳንንት በዝሆንና በፈረስ ለአደን ይወጣሉ። ጀልባ ሙሉ ሰው ይጨፍራል። አንዱ ጌታ ሰው በሚሸከመው መቀመጫ ላይ ተንፈላሶ ጋያውን ይስባል፤ ጭሱ ሳይቀር ተቀርጿል! ንጉሡ «ጭሱን አትርሱ» ብሎ ያዘዘ አይመስለኝም። ያ የሸክላ ሠሪው የራሱ ጨዋታ ነው።

ጉልላቱንማ ፎቶውን አይቶ ማንም መሐንዲስ ዛሬም ነገም ይሠራዋል። ያ ጭስ ግን አንዴ ከተፋቀ የሚተካው ቅጂ ብቻ ነው። ሸክላ ደግሞ ጠላቱ ብዙ ነው፦ እርጥበት፣ ጨው፣ የድንጋይ ሽበት፣ የጎብኚ እጅ። 270 ዓመት ባለፈው ጡብ ላይ አዲስ ሸክም መጫኑስ?

ቤተ መቅደሱ ሙዚየም አይደለም፤ ዛሬም ይጸለይበታል። የሂንዱው አምላክ የክሪሽና ምስል በየዓመቱ በጀልባ ወደ ዲናጅፑር ቤተ መንግሥት ይሄዳል፤ ከወራት በኋላ «ራስ» ለሚባለው የክሪሽና በዓል ይመለሳል። (ከእኛ «ራስ» ጋር አይዛመድም።) ያኔ ትልቅ የገበያ ድግስ ይደራል፣ ሰው ግቢውን ይሞላዋል። ገንዘብ ከተገኘ በመጀመሪያ እጅ ከግድግዳው የሚያርቅ ዝቅ ያለ አጥር ይሠራበት። ከዚያ ሽበቱን በዝግታ የሚያጸዳ፣ ሸክላ የሚያውቅ ባለሙያ ይቀጠርበት። ጋያ የሚስበውም ጌታ ጭሱን እንደያዘ ይቆይልን።