በኤአይ የሚሠራ የክፍል ስላይድ ከመጽሐፉ ገጽ ይነሣ

«ስለ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች 20 ስላይድ ሥራልኝ» ብሎ ቻትጂፒቲን ወይም ጀሚናይን የመሰለ ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ያዘዘ መምህር በደቂቃዎች ውስጥ ዓይን የሚስብ ነገር ያገኛል። ማሽኑ ግን የመማሪያ መጽሐፉን አላየም፤ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ብቻ መሆኑንም የነገረው የለም። የሐዋሳ ልጅ በየቀኑ ስለሚያየው ሐይቅ እንኳ ከአጠቃላይ ደንብ ተነሥቶ ሊጽፍ ይችላል። መውጫ የሌለው ሐይቅ ጨዋማ ይሆናል የሚለው ደንብ ለሻላና ለአቢጃታ ይሠራል። ሐዋሳ ሐይቅ ግን ጥቁር ውኃ ወንዝ እየገባበት፣ ከላዩ የሚወጣ ወንዝም ሳይኖረው ውኃው ጨዋማ አይደለም። ወደ ከርሰ ምድር መስረጉ እንደ ምክንያት ይጠቀሳል።

የሳይንስ መምህሩም «ውኃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል» የሚል ስላይድ ይደርሰዋል። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ቤተ ሙከራ ውስጥ ቴርሞሜትሩ የሚቆመው 94 አካባቢ ነው። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት እንደሚቀንስና ውኃም በዝቅተኛ ሙቀት እንደሚፈላ ያልተነገረው ተማሪ መሣሪያው የተበላሸ ይመስለዋል።

በኤአይ ስላይድ ማሠራት የመምህሩን ጊዜ በእርግጥ ይቆጥባል፤ ሊበረታታም ይገባል። ሥራው ግን ከርዕስ ሳይሆን ከመጽሐፉ ገጽ መጀመር አለበት።

የዕለቱን ትምህርት የያዙትን 3 ወይም 4 ገጾች ብቻ መስጠት ይበቃል፤ ሙሉ መጽሐፍ ሲጫን ከሌላ ምዕራፍ መቀላቀል ይመጣል። በአማርኛ መጻሕፍት ላይ አንድ እንቅፋት አለ። ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ኮድ) ባልሆነ የቆየ የፊደል ፕሮግራም የተጻፈ ፒዲኤፍ ኮፒ ሲደረግ የሚወጣው ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ነው። ማሽኑ ደግሞ ማንበብ አልቻልኩም ከማለት ይልቅ ርዕሱን ብቻ ይዞ የራሱን ሊጽፍ ይችላል። እንዲህ ያለውን ገጽ በስልክ ፎቶ አንሥቶ መላክ፣ «ያነበብከውን ቃል በቃል ጻፍልኝ» ማለት፣ ከዚያ ከመጽሐፉ ጋር ማመሳከር ነው። ይህ ሳይደረግ ወደ ስላይድ መሄድ አይገባም።

ትእዛዙ ራሱ እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው፦ «ከእነዚህ ገጾች ውጭ ምንም አትጨምር። 7 ስላይድ አውጣ። በአንድ ስላይድ አንድ ሐሳብ፣ ከ20 ቃል ያልበለጠ። ከየሐሳቡ ጎን ያገኘህበትን ገጽ ጻፍ። 3ኛውና 6ኛው ስላይድ ተማሪው በደብተሩ የሚሠራው ጥያቄ ብቻ ይሁን።» የገጽ ቁጥሩ ማረሙን ያቀላል፤ ገጽ ያልተጠቀሰለት ዐረፍተ ነገር ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው። ሰባት ስላይድ ማለት ለአንዱ ከ5 ደቂቃ በላይ ማለት ነው። በ20 ስላይድ ግን ለአንዱ 2 ደቂቃ ስለሚደርሰው ተማሪው ገልብጦ እንኳ አይጨርስም።

አማርኛ ማሽኑ ውስጥ ከእንግሊዝኛ ይልቅ በብዙ ቁርጥራጭ ስለሚከፋፈል ያለ ክፍያ የሚፈቀደው የአጠቃቀም መጠን (ነፃው ኮታ) ቶሎ ያልቃል። መልሱ መሐል ላይ ከተቆረጠ «ከ5ኛው ስላይድ ቀጥል» ማለት ይበቃል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ስላይዱን በእንግሊዝኛ፣ የመምህሩን ማብራሪያ በአማርኛ ማስወጣትም ይጠቅማል። የታሪክ መምህራን ቀኖቹን አንድ በአንድ ይዩ፤ ዐድዋን «የካቲት 23 ቀን 1896» ብሎ የእኛን ቀን ከፈረንጆቹ ዓመት ጋር ማጋባት በቀላሉ የሚፈጠር ስሕተት ነው። ትክክሉ የካቲት 23 ቀን 1888 ነው።

ጽሑፉ ከታረመ በኋላ ወርድ ላይ ርዕሱን በሄዲንግ 1፣ ዝርዝሩን በሄዲንግ 2 አድርጎ ማስቀመጥ ነው። ፓወርፖይንት «ኒው ስላይድ» ሥር ባለው «ስላይድስ ፍሮም አውትላይን» በኩል ያለ ኢንተርኔት ወደ ስላይድ ይቀይረዋል። ጌጡ አያስፈልግም። መጋረጃ በሌለው ክፍል በጥቁር ዳራ ላይ ያለ ጽሑፍ በደንብ አይታይም፤ ነጭ ላይ ጥቁር፣ የፊደሉም መጠን ከ32 ያላነሰ ይሁን።

ቤት ውስጥ ያማረው ስላይድ ትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ በአራት ማዕዘን ሳጥን ተሞልቶ የሚመጣው ፊደሉ እዚያ ስለሌለ ነው። ለምሳሌ ኒያላ የተባለው ፊደል በዊንዶውስ 10 ላይ ተጨማሪ ሆኖ የሚጫን እንጂ ሁሌም አብሮ የሚመጣ አይደለም። መፍትሔው ሲያስቀምጡ «ኢምቤድ ፎንትስ» የሚለውን መምረጥ፣ ከጎኑም አንድ የፒዲኤፍ ቅጂ በፍላሽ መያዝ ነው።

ሥዕል ላይ ጥንቃቄው ይበልጣል። ኤአይ የሣለው የሕዋስ ወይም የልብ ሥዕል ክፍሎቹን ሊያሳስት ይችላል፤ በላዩ የሚጽፈውም ግእዝ ብዙ ጊዜ ፊደል የሚመስል ጭረት ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ የመጽሐፉን ሥዕል ፎቶ አንሥቶ ስያሜውን በፓወርፖይንት መጻፍ ይሻላል። የልብን ክፍሎች መምህሩ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ደረጃ በደረጃ ሲሥል ተማሪው አብሮት ስለሚሥል፣ ሰሌዳው ከስላይዱ የሚበልጥበት ቦታ አንዱ ይህ ነው። መብራት ሲጠፋም የሚያስቀጥለው ሰሌዳው ነውና የ3ኛውና የ6ኛው ስላይድ ጥያቄዎች በወረቀትም ይያዙ።

የተማሪ ስምና ውጤት ለማሽኑ አይሰጥ።

በትምህርት ቤቶች በኩል አንድ ነገር መቅረት አለበት፦ መምህርን በስላይዱ ብዛትና ውበት መመዘን። ይልቅ እያንዳንዱ የትምህርት ክፍል የጋራ ፎልደር ይክፈት። በውስጡም ለየትምህርቱ ሦስት ነገር ይቀመጥ፦ ስላይዱ፣ መነሻ የሆኑት የመጽሐፍ ገጾችና ማሽኑ የተሳሳተባቸው ቦታዎች ዝርዝር። ሦስተኛውን በየሴሚስተሩ የሚያድስ አንድ መምህር በስም ይመደብ፤ የሚወስድበት ጊዜም ከክፍለ ጊዜ ድርሻው ይቀነስለት።