ለአንገት ቀጣዮች ምስጋና

የ19ኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ ሥዕል አታሚዎች ሐውልት ይገባቸዋል። ሐውልቱም እንደ ሥራቸው ጭንቅላቱ ተነቃይ ይሁንልኝ።

እ.ኤ.አ. በ1864 የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ገና አልበረደም፤ ሊንከንና ጄኔራል ማክሌላን ለፕሬዚዳንትነት ተፋጠዋል። የኒው ዮርኩ ኩሪየርና አይቭስ ማተሚያ ቤት ግን ማዳላት አያውቅም። ለሊንከን «ነጻነት፣ አንድነት፣ ድል» የሚል ባለ ምስል ሰንደቅ አተመለት፤ ለማክሌላን «ሰላም፣ አንድነት፣ ድል»። ከሦስት ቃል ሁለቱ ለሁለቱም ደረሳቸው! ደጋፊዎቹ መንገድ ላይ ይቧቀሱ፤ ሳንቲማቸው አንድ ኪስ ገብቶ ታርቋል። እዚያ ቤት ሴቶች ጠረጴዛ ከበው፣ አንዷ ቀዩን ቀብታ ለጎረቤቷ እያቀበለች፣ ሥዕሉን በእጅ ያቀልሙት ነበር። ቀይ ቀለም ፓርቲ የለውም፤ የማንንም ጉንጭ ያቀላል።

የጢሙ ነገርማ ይለያል። በ1860 ሊንከን የተወዳደረው ተላጭቶ ነው፤ ምስሉም ተላጭቶ ታተመ። በጥቅምት አንዲት የ11 ዓመት ልጅ «ፊትህ ከስቷልና ጢም አሳድግ» ብላ ጻፈችለት፤ ሰውዬው አሸንፎ ሲያበቃ አሳደገ። የተላጨውን ሊንከን በብረት ሰሌዳ ቀርጾ ያስቀመጠ አታሚ ምን ይዋጠው? መቅረጫውን አነሳና እዚያው ሰሌዳው ላይ ጢም አበቀለበት። (በፓስፖርት ፎቶዬ ራሴን ያጣሁ ሰው ነኝና አልፈርድም።)

ዘውዱን የምደፋው ግን ለአንዱ ነው። ባርነትን «በጎ ነገር ነው» ብሎ በሸንጎ የተሟገተ ጆን ካልሁን የሚባል ፖለቲከኛ ነበር። በ1852 ካባ ደርቦ፣ እጁን ወረቀት ላይ አሳርፎ፣ ግርማው የሚያስፈራ ምስል ተቀረጸለት። ሊንከን ከተገደለ በኋላ ገበያው ቁመናው ያማረ ሊንከን ፈለገ። ታዲያ ይህን የመሰለ ትከሻ እያለ አዲስ ለመቅረጽ ማን ይደክማል? የካልሁን ራስ ተነሳ፣ የሊንከን ተተካ። «የክልሎች ሉዓላዊነት» ይል የነበረው ወረቀትም «የነጻነት አዋጅ» ሆነ። ባርነትን ያቀፈው ገላ ባሪያ ነጻ አወጣ፤ ንስሐ በእንዲህ ያለ ፍጥነት በየትም ደብር አይገኝም።

የሥዕሉ ሸማችም ጨዋ ነው፤ ሰቀለው እንጂ አንገቱን ማን ነካካ? ሊንከንን ማርያም በቀኝ ጉንጩ የሳመችው ምልክት ወደ ግራ መዞሩንም የጠየቀ አልነበረም።