ማስተካከያ፦ የአሞርዛተሩን የመሃል ዳዶ ቀድማችሁ እንዳትፈቱ

ባለፈው ሳምንት የመኪና የፊት አሞርዛተር (ከሞላው ጋር ሆኖ የመንገዱን ንዝረት የሚያበርደውን ክፍል) ቤት ውስጥ ስለመቀየር ስጽፍ «ኮፈኑን ከፍታችሁ ከላይ ያለውን ዳዶ ፍቱ» ብዬ ነበር። የትኛውን እንደሆነ አልለየሁም። አደገኛ ስህተት ነው፤ ከልቤ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አሞርዛተሩን ከመኪናው አካል ጋር የሚያስሩት ዳር ዳር ያሉት ትናንሽ ዳዶዎች ናቸው፤ ብዙ ጊዜ 3 ናቸው። ለማውለቅ ከላይ በኩል የሚፈቱት እነሱ ብቻ ናቸው። የመሃሉ ትልቅ ዳዶ ግን የታመቀውን ሞላ ይዞ ነው የቆመው። ሞላው በመጭመቂያ (ሞላን አምቆ በሚይዝ መሣሪያ) ሳይያዝ እሱን ከፈታችሁት ተስፈንጥሮ ይወጣል። ሰው ሊገድል ይችላል። መጭመቂያው በሞላው ግራና ቀኝ ትይዩ ይገባል፤ ሁለቱንም በየተራ ጥቂት ጥቂት እያዞራችሁ አጥብቁ። በሽቦ አስረው የሚፈቱ አሉ፤ እባካችሁ አታድርጉት። መጭመቂያ ከሌላችሁ አሞርዛተሩን ከነሞላው አውልቃችሁ ጋራዥ ውሰዱት።

ክሪክ የምታቆሙበት ቦታም ሜዳ ይሁን። ከፒያሳ ቁልቁል እንደሚወርደው እንደ ቸርችል ጎዳና ባለ ተዳፋት ላይ አትሞክሩ። ከክሪኩ ሌላም ጠንካራ መደገፊያ ያስፈልጋል።

አላይመንት (የጎማዎችን አቅጣጫ ማስተካከል) «አያስፈልግም» ያልኩትም ልክ አልነበረም። ከቀየራችሁ በኋላ አስለኩት፤ አለዚያ ጎማ ይበላል።